የማሬ የደረት ማሰሪያ፦ ከአራት ወር በኋላ

ውሻዬ ማሬ ፖሜራኒያን ከሚባለው ትንንሽና ፀጉራም የውሻ ዝርያ ናት። የምትመዝነው ሁለት ኪሎ ተኩል ነው፣ ልቧ ግን የአንበሳ ነው። ጠዋት ገርጂ መንገድ ላይ ስንወጣ እነዚያን የሰፈር ትልልቅ ውሾች ካየች ገመዱን እየጎተተች ልትደርስባቸው ትሞክራለች። መጎተቱ ከዘር የመጣ ነው። ቅድመ አያቶቿ በሰሜኑ አገር በረዶ ላይ ጋሪ ይጎትቱ የነበሩ ትልልቅ ውሾች ናቸው። የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ትንንሾቹን ወደው ማርባት ሲጀምሩ ነው ዝርያው እያነሰ የመጣው። ጠባዩ ግን አላነሰም።

መጀመሪያ የማስራት አንገቷ ላይ ነበር። አንድ ቀን ጎትታ ጎትታ ቆመችና አንገቷን ዘርግታ፣ አጥንት የተሰነቀረባት ይመስል ትስል ጀመር። በጣም ደነገጥኩ። የእንስሳት ሐኪሙ እንደነገረኝ የእነዚህ ትንንሽ ውሾች የአየር ቧንቧ ደካማ ነው፤ ማሰሪያ ሲጫነው ይጠብባል። በዚያው ቀን የአንገቱን ጣልኩና የደረት ማሰሪያ ፍለጋ ወጣሁ።

የገዛሁት መረብ ከሚመስል ስስ ጨርቅ የተሰራ፣ እንደ ሰደርያ የሚለበስ ነው። በቬልክሮ (ሲጫኑት በሚጣበቀው ጨርቅ) ይዘጋል፣ ከላዩ የፕላስቲክ ዘለበት አለው፣ ገመዱ ጀርባዋ ላይ ይታሰራል። 1,400 ብር ከፈልኩ። ሻጩ በዓይኑ ለክቶ ሰፋ ያለውን ሰጠኝ፣ እኔም አመንኩት። በሦስተኛው ቀን አጠገባችን ሞተር ሳይክል ሲያልፍ ወደ ኋላ ሸሸች፣ ሁለቱም የፊት እግሮቿ ወጡ። ከመሮጧ በፊት አፈፍ ባላደርጋት ኖሮ ማሰቡ ራሱ ይከብደኛል። ፀጉሯ ነው ያታለለን፤ ስትታጠብ ብታዩአት ግማሿ የለም። ስለዚህ ሜትሩን ከፀጉሩ ስር አስገብታችሁ ከፊት እግሮቿ ኋላ ደረቷን ዙሪያውን ለኩ። የማሬ 33 ሴንቲ ሆነ። ቀይሬ ትንሹን አመጣሁ፣ አሁን ሁለት ጣት ብቻ ነው የሚያስገባው፣ ልክ ነው።

ሳሉ በጣም ቀንሷል። እንግዳ መጥቶ ስትፈነድቅ አልፎ አልፎ ይመለሳል፣ መንገድ ላይ ግን ከሰማሁት ቆየሁ።

የማልወድለት ቬልክሮውን ነው። ፀጉር ይይዛል። ብብቷ ስር ደግሞ ጨርቁ ሲፈትገው ፀጉሩ ይቋጠራል፣ ቋጠሮው ቆዳዋን ስለሚስበው ያማታል። ቤት ስንገባ ወዲያው አወልቅላታለሁ፤ ከዚያ በብረት ማበጠሪያ ከስሩ ጀምሬ ቀስ ብዬ አበጥራለሁ። እባካችሁ ተቋጠረ ብላችሁ እንዳትላጩት። የፖሜራኒያን ፀጉር ድርብ ነው፣ ከስር ለስላሳ ከላይ ጠንከር ያለ፤ አንዴ ከተላጨ እንደ ድሮው ላይመለስ ይችላል።

ሌላ አንድ ልጨምርላት ነው። ይሄኛው ታጥቦ እስኪደርቅ ቤት ስትውል መስኮቱ ላይ ቆማ በአላፊ አግዳሚው ሁሉ ስትጮህ ነው የምትውለው።