ምስጋና ለሀይቅ ዳሩ ግንበኛ፣ ጥቆማ ደግሞ ግድግዳው ከስር ለሚረጥብበት ሁሉ

ሀዋሳ፣ ሀይቅ ዳር ክፍለ ከተማ ውስጥ ያለ አንድ ቤት በጓሮ በኩል ያለውን የ11 ሜትር ግድግዳ ላደረቁልን ጋሼ ምስጋናችን ከልብ ነው። ግድግዳው በየዓመቱ ቀለም ሲበላ የኖረ ነው። እሳቸው ብሩሽ ሳይሆን አካፋ ነው ያነሱት፤ የምንጠቁማቸውም ለዚሁ ነው።

ከድንጋዩ መሠረትና ከመጀመሪያው ብሎኬት መሀል የሬንጅ ወይም የፕላስቲክ ሽፋን ይነጠፋል፤ ባለሙያዎች ዲፒሲ ይሉታል። የአፈሩ እርጥበት ወደ ላይ እንዳይሳብ የሚቆርጠው እሱ ነው። ከደጅ ያለው መሬት ከዚህ ሽፋን ቢያንስ 15 ሳንቲ ዝቅ ማለት አለበት። ሰፈሩ ኮብል ሲነጠፍ ግን መንገዱ ከፍ ይላል፣ ጎርፍ እንዳይገባ ግቢው ገረጋንቲ ይደፋበታል፣ በላዩ ሌላ ኮብል ይመጣል። እዚህ ቤት መሬቱ ከሽፋኑ 10 ሳንቲ በላይ ወጥቶ ነበር፤ የውጩ ልስንም አፈር ውስጥ ገብቷል። ሲቆፈር ጥቁሯ መስመር ሳትቀደድ ሳትነቀል እንደተነጠፈች ተገኘች። ውሃው በልስኑና በተቆለለው አፈር በኩል ዞሯት ነው የገባው። «ዲፒሲው ሞቷል፣ ግድግዳው ተበስቶ ኬሚካል ይወጋ» የሚላችሁ ካለ መጀመሪያ ይቆፍር።

ጋሼ ከመቆፈራቸው በፊት ቧንቧ ሁሉ ተዘግቶ የውሃ ቆጣሪው እንደማይዞር አዩ፤ የሚያፈስ ቧንቧ የለም ማለት ነው። ቀጥለው 30 በ30 ሳንቲ የአሉሚኒየም ፎይል አራቱንም ጎን በፕላስተር ግድግዳው ላይ አጣብቀው ሁለት ቀን ተዉት። ላብ የያዘው በግድግዳው በኩል ያለው ፊት ነው፤ በክፍሉ በኩል ቢሆን ኖሮ የትንፋሽና የማብሰያ እንፋሎት ነው፣ መድኃኒቱም መስኮት መክፈት ብቻ ነበር።

ከዚያ ግድግዳውን ተከትለው 40 ሳንቲ ስፋት፣ 40 ሳንቲ ጥልቀት ቦይ አስቆፈሩ። ከመሠረቱ ግርጌ በታች መውረድ ክልክል ነው። የቦዩ ወለል በየሜትሩ 1 ሳንቲ እያዘቀዘቀ ወደ ውሃ መውረጃ ይሄዳል፤ መውጫ የሌለው ቦይ ግድግዳው ስር ኩሬ መቆፈር ነውና። ታቹ 15 ሳንቲ ንጹህ ጠጠር ገባ፣ ለጠቅላላው ርዝመት 0.66 ሜትር ኪዩብ ገደማ። የጠጠሩ አናት ከሽፋኑ 15 ሳንቲ ዝቅ አለ ማለት ነው። ኮብሉ እንዳይናድ በጠርዙ ድንጋይ ተገነባ። የውጩን ልስን ከሽፋኑ 5 ሳንቲ ከፍ ብለው በግራይንደር ቀጥ አድርገው ቆረጡና ከዚያ በታች ያለውን አራገፉ።

ከውስጥ የእርጥበቱ ጠርዝ 70 ሳንቲ ላይ ነበር፤ ልስኑ እስከ 1 ሜትር ተነሳ። ከብሎኬቱ ላይ የወጣውን ነጭ ጨው በደረቅ ብሩሽ ብቻ ጠርገው ከቤት አወጡት፣ ሲመለስም ደጋግመው ጠረጉት። በውሃ ካጠባችሁት ሟሙቶ ተመልሶ ይገባል።

የሚያስቸግረው መጠበቁ ነው። ለድፍን ግድግዳ የተለመደው ስሌት በየ2.5 ሳንቲው ውፍረት አንድ ወር ነው። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ ይፈጥናል እንጂ በሳምንት አይደርቅም። ጋሼ በኅዳር አፍርሰው በጥር መጨረሻ ለሰኑ፤ ባለቤቶቹ ሲያጣድፏቸው «ይድረቅ» ከማለት በቀር መልስ አልነበራቸውም።

አዲሱ ልስን አንድ ሲሚንቶ፣ አንድ ኖራ፣ ስድስት የታጠበ አሸዋ ነው፤ በሁለት እጅ፣ በድምሩ 2 ሳንቲ። ለ11 ካሬው ከአንድ ኩንታል በታች ሲሚንቶ በቃ። ከወለሉ 2 ሳንቲ ከፍ ብሎ ያበቃል፣ ክፍተቱን ዞኮሎ ይሸፍነዋል። የልስኑ እግር ወለሉን ከነካ ያው ታሪክ ከውስጥ ይደገማል። ጂፕሰም አላስነኩትም፣ ውሃ ይጠጣል። የዘይት ቀለምም እንዲሁ ቀረ፤ እርጥበቱን ውስጥ አፍኖ ይላጣል። ግድግዳውን እስከ ወገብ ሴራሚክ ማልበስ ደግሞ የባሰው ነው፦ መውጫ ያጣው ውሃ ከሴራሚኩ በላይ ብቅ ይላል፣ ያኔ ሁለት ወጪ ነው።

ነቀፌታም አለን። ጋሼ ቀለም አይቀቡም፣ ሌላ ሰው መፈለግ አለባችሁ፤ የተራገፈውን ልስን ማስነሳትም የእናንተ ሥራ ነው። በክረምት ይህን ሥራ አይቀበሉም፣ ባይቀበሉም ልክ ናቸው።

ስልካቸውን በውስጥ መስመር ለጠየቀ እንሰጣለን። ከመደወላችሁ በፊት ግን ከቤቱ ወለል እስከ ደጁ መሬት ስንት ሳንቲ እንደሆነ ለክታችሁ ያዙ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።