ቅዳሜ ከሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ፦ የሰፈራችንን ትምህርት ቤት የሚደግፉ በጎ ፈቃደኞች በእኔ ዓይን

ሰው ስለ በላበት ምግብ ቤት፣ ስለ ገዛው ስልክ አስተያየት ይጽፋል። እኔ ደግሞ ልጆቼ አንድ ዓመት ሙሉ ስለተገለገሉበት ነገር ልጻፍ። አገልግሎቱ ነጻ ነው። የሚሰጡት የሰፈራችንን የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለመደገፍ የተሰባሰቡ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ነጻ ነው ብዬ ግን ጎዶሎውን አልደብቅም። ያየሁትን እናገራለሁ።

ጎንደር፣ አራዳ አካባቢ ልብስ እሰፋለሁ። ሁለት ልጆች አሉኝ። ትልቁ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ ትንሿ አራተኛ። እስከ አምና የግል ትምህርት ቤት ነበሩ። በዓመቱ አጋማሽ ላይ ክፍያ ተጨመረ። እንደምንም ዓመቱን አስጨርሼ አወጣኋቸው። ልጆቼን የበደልኳቸው መስሎኝ ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጥቻለሁ። ትልቁ አንድ ማታ "እማ፣ እዚያ መምህር ይገባል?" አለኝ። የምመልሰው አልነበረኝም።

ፍርሃቴ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2። እነዚያ ቁጥሮች እያንዳንዱ እናት ቤት ገብተዋል። በክልላችን በጸጥታው ችግር የስንቱ ልጅ ትምህርት እንደተቋረጠ ሁላችንም እናውቃለን። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣም መጽሐፉ ለሁሉም አልደረሰም። ልጆች ከቴሌግራም ባወረዱት ፒዲኤፍ ነው የሚያነቡት። እናቱ ስልክ የሌላት ልጅስ?

ለምዝገባ የሄድኩት በነሐሴ መጨረሻ ነው። ዝናቡ ገና አላባራም። በሩ ጥግ ላይ አንድ ጠረጴዛ አለ። ሁለት ወጣቶችና አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ተቀምጠዋል። ሁሉም "ጋሼ" ነው የሚላቸው። "ነይ ልጄ፣ ጥላ ሥር ግቢ" አሉኝ። መዋጮ ሊጠይቁኝ ነው ብዬ ቀድሜ ተናገርኩ።

"ጋሼ፣ ገንዘብ እንኳ የለኝም።"

"ገንዘብ ማን ጠየቀሽ? ምን ትሠሪያለሽ?"

"ልብስ እሰፋለሁ።"

"በሳምንት ስንት ሰዓት ይመችሻል?"

ፈራ ተባ እያልኩ "ሁለት ሰዓት" አልኩ። መዝገቡን ገልጠው ጻፉት። ስም፣ ሙያ፣ ስልክ፣ የሚመች ቀን፣ የሚቻል ሰዓት። ከእኔ በላይ ያሉትን አየሁ። አንድ በያጅ አለ፤ በሁለት ሳምንት አንዴ፣ እሁድ ከሰዓት። አንድ የባጃጅ ሹፌር፤ ዕቃ ማመላለስ። አንዲት ነርስ፤ በወር አንድ ቀን። አንድ ዲያቆን፤ ለትንንሾቹ የአማርኛ ንባብ።

እኔ እስከዚያ ቀን የማውቀው በጎ ፈቃድ ሌላ ነበር። አንድ ጊዜ ከአንድ መሥሪያ ቤት ብዙ ሰው አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሶ መጣ። አንድ ግድግዳ ቀባ፣ ፎቶ ተነሣ፣ ሄደ። ቀለሙ በክረምቱ ረገፈ። እነዚህ ግን መዝገብ አላቸው። የቀረ ሰው ይደወልለታል። ተቆጥተው አይደለም፤ "አሞህ ነው ወይ?" ብለው ነው። አንድ ቅዳሜ ሥራ በዝቶብኝ ስቀር ጋሼ ራሳቸው ሱቄ ድረስ መጡ። ከዚያ በኋላ ሳላሳውቅ ቀርቼ አላውቅም።

ስለ ቅዳሜው የማጠናከሪያ ትምህርት በደንብ ልንገራችሁ፤ ለእኔ ትልቁ እሱ ነው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ስድስት ሰዓት ነው። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍሎች ሒሳብ፣ እንግሊዝኛና ሳይንስ ይማራሉ። የሚያስተምሩት በአብዛኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። ልጄ ሒሳብ ሲባል ፊቱ ይጠቁር ነበር። አንድ ቅዳሜ ሮጦ ሱቅ ገባና "እማ፣ ሜትርሽን አውሺኝ" አለኝ። የምለካበትን ባለ 150 ሳንቲም ሜትር አንገቱ ላይ አጠለቀና ወጣ። ከሱቄ ፊት ለፊት የመብራት ምሰሶ አለ። መጀመሪያ የራሱን ጥላ እህቱ እንድትለካለት አደረገ። ቀጥሎ ሁለቱ ተጎንብሰው የምሰሶውን ጥላ ሜትሩን እያነሡ እየጣሉ ለኩ። ልጄ ቁመቱ አንድ ሜትር ከሃምሳ ነው። ጥላው አንድ ሜትር ሆነ። የምሰሶው ጥላ ስድስት። ጨርቅ በማሰምርበት ሳሙና ጠረጴዛዬ ላይ አሰላና "ዘጠኝ ሜትር ነው፤ ሳልወጣበት ለካሁት" አለኝ። ጠዋት በሰንደቅ ዓላማው እንጨት እንዲህ አድርገው ተምረው ነው የመጡት። ሳሙናውን ሁለት ቀን አላጠፋሁትም።

ወላጆችን ለማሳመን ያደረጉት ጥረት ግን መጀመሪያ ላይ ተበላሽቶ ነበር። ምዝገባውን በዕድራችን ጥሩንባ ለማስነገር አሰቡ። ጥሩንባ ነፊው ገና ሳይነጋ ሰፈሩን ዞረ። ጥሩንባ ሲሰማ ሰው ምን እንደሚያስብ ታውቃላችሁ። ሴቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ "ማን ሞተ?" እያለ ወጣ። ልጃቸው ሩቅ አገር ያለ አንዲት ጎረቤታችን በራቸው ላይ ተዝለፍልፈው ወደቁ። በዚያ ቀን በጣም ተናደድኩ። ወጣቶቹ ግን አልተደበቁም። ቤት ለቤት እየዞሩ ይቅርታ ጠየቁ። እኒያን እናት ሦስት ቀን ተመላልሰው ጠየቋቸው። ከዚያ በኋላ ማስታወቂያው ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ በመስጊድ፣ በዕድር የወር ስብሰባ ላይም ሆነ። የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ልጆችም በዕረፍት ሰዓት በሩ ላይ ግጥም እያነበቡ ስለ ትምህርት ቤታቸው ይናገራሉ። ከማንኛውም ሰው በላይ ልጆቹ ሲናገሩ ነው ወላጅ የሚያምነው።

በዕድሩ ስብሰባ ላይ ጋሼ የተናገሩት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። የቤተ ክርስቲያኑን ዝማሬና ዝማሜ፣ አቋቋምን፣ ሊማር ወደ በአታ ቤተ ክርስቲያን የሚመጣውን የቆሎ ተማሪ አነሡ። እውነት ነው፤ አያቴ "በእንተ ስማ ለማርያም" ሲባል ከሰማች ቁራሽ ሳትሰጥ አታሳልፍም ነበር። የማን ልጅ ነህ፣ ከየት መጣህ አትልም። ጋሼ "የማናውቀውን ተማሪ ስናበላ የኖርን ሰዎች የራሳችን ልጆች የሚማሩበትን በር ዝም ብለን እንዴት እናልፋለን?" አሉ። በዚያ ቀን ብዙ ስም ተመዘገበ።

ዴስኮቹን በያጁና ሁለት አናጺዎች ጠግነዋል። ከጀርባ የተደረደረው የተሰባበረ ኮምባይንድ ዴስክ ዛሬ ክፍል ውስጥ ነው። ውሃ ደግሞ በእኛ ከተማ በፈረቃ እንደሆነ የታወቀ ነው። ሮቶ ተተከለ፤ ውሃ በሚመጣበት ቀን የሚሞላው ሰው በመዝገቡ ተመድቧል። ይህ ለሴት ልጅ እናት ትልቅ ነገር ነው። ሽንት ቤቱ ውሃ ካለው ሴት ልጅ በወር አበባዋ ቀን ከትምህርት አትቀርም።

የእኔ ድርሻ ዩኒፎርም ነው። ሰዎች ልጆቻቸው ላይ ያጠረውን ያመጣሉ፤ እኔ አድሼ ለሌላ ልጅ አደርሳለሁ። እዚህ ላይ ተጣልተናል። የመጀመሪያውን ዙር ሰልፍ ላይ ስም እየጠሩ ሰጡ። ፎቶም ነበረ። አንዲት ልጅ ስሟ ሁለቴ ተጠርቶ አልወጣችም። ከጓደኛዋ ጀርባ ተደብቃ አየኋት። ማታ ለጋሼ "እንዲህ ከሆነ እኔ አልሰፋም" አልኳቸው። ሰሙኝ። አሁን የክፍሉ ኃላፊ መምህር ለወላጅ ብቻ በፌስታል ይሰጣል።

አንድ ሌላ ችግርም ነበር። የሱሪ እግር ሲለቀቅ የድሮው እጥፋት መስመር ይቀራል። ልጆች ያቺን መስመር ያውቋታል። "አሮጌ ነው" ይባባላሉ። ብተኩሰው፣ ባጥበው አልጠፋ አለ። በመጨረሻ በመስመሩ ላይ አንድ ዙር ስፌት አሳለፍኩበት። ከዚያም አዲስ ዩኒፎርም ልታሰፋ የምትመጣውን እናት ሁሉ እያስፈቀድኩ አዲሱም ላይ እዚያው ቦታ አንድ ዙር ሰፋሁ። እምቢ ያለችኝ የለችም። አሁን አሮጌውን ከአዲሱ መለየት ይቸግራል።

ከአምስት ኮከብ ስንት ትሰጪያለሽ ካላችሁኝ አራት። አንዱን የቀነስኩበት ምክንያት አለኝ። የዩኒቨርሲቲ ፈተና ሲደርስ አስተማሪዎቹ ይጠፋሉ። ልክ የእኛ ልጆች ለክልላዊ ፈተና በሚዘጋጁበት ሰሞን ሦስት ቅዳሜ ሒሳብ አልነበረም። የሚተካ ሰው ቀድሞ መመደብ አለበት። ሁለተኛው፣ ትንንሾቹ ተዘንግተዋል። ከአንደኛ እስከ አራተኛ ላሉት ያለው ያ አንድ ዲያቆን ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ብቻውን ስንቱን ያስነብብ? የእኔ ትንሿ አራተኛ ደርሳም ረጅም ቃል ሲያጋጥማት ትዘላለች። ስምንተኛ ክፍል ላይ የሚታየው ችግር የሚጀምረው እዚህ ነው። ይህን በስብሰባ ላይ ሁለት ጊዜ ተናግሬአለሁ፤ አሁንም እናገራለሁ።

ለትምህርት ቤቱ መምህራንም ፍትሐዊ ልሁን። በጎ ፈቃደኛው የሚመጣው በእነሱ ላይ ለመጨመር ነው። ልጄ ያን ማታ ለጠየቀኝ መልስ አግኝቼለታለሁ፤ መምህር ይገባል። አንዳንዶቹ ቅዳሜም ይመጣሉ። ርዕሰ መምህሩ የቤተ መጻሕፍቱን ቁልፍ ለጋሼ የሰጡ ቀን ነገሩ ሁሉ ቀለለ።

ልጃችሁን ልታስመዘግቡ ስትሄዱ በሩ ጥግ ያለችውን ጠረጴዛ ታገኛላችሁ። ዘንድሮ እኔም እዚያው እቀመጣለሁ፤ የልጆቹን ልክ ለመውሰድ ሜትሬን ይዤ። ማንበብ የምትችሉና ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ያላችሁ ካላችሁ፣ በመዝገቡ ላይ ከዲያቆኑ ስም ሥር ባዶ መስመር አለ።