የዳቪንቺ ሪዞልቭ ነጻ ቅጂ ከወራት የከለር ግሬዲንግ ሥራ በኋላ፦ የሚበቃበትና የማይበቃበት

ከለር ግሬዲንግ (የቪዲዮን ቀለምና ብርሃን ማስተካከል) መማር ለሚፈልግ ሰው የቪዲዮ ፕሮግራሙ የዳቪንቺ ሪዞልቭ ነጻ ቅጂ ይበቃል ወይ? ከወራት ተከታታይ ሥራ በኋላ መልሱ አዎ ነው። የቀለም ዊሎቹ፣ ከርቮቹ፣ ኖዶቹ (እርማት በየደረጃው የሚሠራባቸው ሳጥኖች)፣ ስኮፖቹ (ምስሉን በግራፍ የሚለኩት)፣ የሚንቀሳቀስ ነገርን የሚከተለው ትራከር ሁሉም አሉ። ከነጻው የቀረው ነገር በአብዛኛው ሥራን የሚያቀል ነው፤ ሙያውን የሚያስተምረው ክፍል ሙሉ ነው ማለት ይቻላል። ጀማሪ ተስፋ የሚቆርጠው ሌላ ቦታ ላይ ነው፦ ፋይል ሲያስገባ፣ ከለር ስፔስ (ቁጥሮች የትኛውን ቀለም እንደሚወክሉ የሚወስነውን ሥርዓት) ሲመርጥ፣ የጨረሰውን ሲያወጣ። ስለዚህ እዚያ ላይ ረዘም አድርገን እንቆያለን።

ፕሮግራሙ ሲጀመር ለቤት ኮምፒውተር የታሰበ አልነበረም። ብላክማጂክ ዲዛይን በ2009 እ.ኤ.አ. ዳቪንቺ ሲስተምስን እስኪገዛ ድረስ በትልልቅ ስቱዲዮዎች ብቻ የሚገኝ ውድ ሥርዓት ነበር። ያ ጠባይ ዛሬም አልለቀቀውም፤ ተጠቃሚው የሚያደርገውን ያውቃል ብሎ ያስባል። የተሳሳተ ከለር ስፔስ ብትመርጡ አያስጠነቅቃችሁም፣ ዝም ብሎ የተበላሸ ምስል ያሳያችኋል።

የመጀመሪያው እንቅፋት ፋይል ነው። በዊንዶውስ ላይ ነጻው ቅጂ 10 ቢት 4:2:2 (የቀለም መረጃው ከብርሃኑ ግማሽ) የሆነ፣ በኤች 265 መጭመቂያ የታሸገ ቪዲዮ አይከፍትም፤ ድምፁ ይሰማል፣ ምስሉ ግን አይመጣም። በሊኑክስ ይብሳል፦ ኤች 264ም ኤች 265ም አይነበቡም፣ የኤኤሲ ድምፅም እንዲሁ። ማለፊያው ፋይሉን አስቀድሞ እንደ ኤፍኤፍኤምፔግ ባለ ነጻ መሣሪያ ወደ ዲኤንኤክስኤችአር፣ ለኤዲቲንግ ወደተሠራ የቪዲዮ ቅርጸት፣ መቀየር ነው። እዚህ ላይ «ኤችኪውኤክስ» የተባለውን ደረጃ ምረጡ። «ኤችኪው» 8 ቢት ስለሆነ በእያንዳንዱ ቻናል 1024 የነበረው የብርሃን ደረጃ ወደ 256 ይወርዳል፤ ሎግ ቀረጻ (ሰፊ የብርሃን ክልል ለመያዝ ደብዝዞ የሚቀረጽ) ላይ ኮንትራስት ሲጨመር ሰማዩና ግድግዳው በእርከን በእርከን ይከፋፈላል። ያ ጉዳት አንዴ ከገባ በግሬዲንግ አይወጣም። የተቀየረው ፋይል ከዋናው ብዙ እጥፍ ይገዝፋል፣ ስለዚህ የዲስክ ቦታ አስቀድማችሁ አዘጋጁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። አብዛኛው ጀማሪ ሎግ ቪዲዮውን ያስገባል፣ ከላዩ ላይ ላት (ቀለምን በአንድ ጊዜ የሚለውጥ ዝግጁ ሠንጠረዥ) ይጥላል፣ ከዚያ ላቱ ያቃጠለውን ደማቅ ክፍል በዊል ለመመለስ ይታገላል። አይመለስም፤ ላቱ ከ1023 (ከ10 ቢት ከፍተኛው ደረጃ) በላይ የሚሄደውን ቆርጦ ጥሎታል። ሪዞልቭ የሚሰጠው የተሻለ መንገድ በሁለት «ከለር ስፔስ ትራንስፎርም» ኖዶች መካከል መሥራት ነው። የመጀመሪያው ኖድ የካሜራውን ቀለም ወደ ሰፊው የሥራ ቦታ ያመጣል፦ ለምሳሌ ግብዓቱ የሶኒ ካሜራ ኤስ-ጋመት3 ሲኔ (የቀለም ክልሉ) እና ኤስ-ሎግ3 (የብርሃን ከርቩ፣ ማለትም ጋማው) ከሆነ፣ ውጤቱ ዳቪንቺ ዋይድ ጋመት እና ዳቪንቺ ኢንተርሚዲዬት ይሆናል። የመጨረሻው ኖድ ከዚያ ወደ ሬክ 709 ጋማ 2.4፣ ወደ ተለመደው የማሳያ መለኪያ፣ ያወርዳል፣ ቶን ማፒንጉም (ሰፊውን ብርሃን ወደ ማሳያው ክልል የሚያጠበው) «ዳቪንቺ» ላይ ይሆናል። ማንኛውም እርማት የሚሠራው በሁለቱ መካከል ነው። በመካከሉ የተቃጠለ የሚመስል ደመና ኤክስፖዠር ሲቀንስ ተመልሶ ይመጣል፣ መረጃው ገና ስላልተቆረጠ።

ይህን የመረጠ ሰው በፕሮጀክት ሴቲንግ ውስጥ ያለውን የከለር ሳይንስ «ዳቪንቺ ዋይአርጂቢ» ላይ ይተወው። «ከለር ማኔጅድ» የሚለውን ከመረጠ ፕሮግራሙ ራሱ ይለውጣል፣ ኖዱም ይለውጣል፣ ምስሉ ሁለት ጊዜ ተለውጦ ኮንትራስቱ ከልክ ያልፋል። ሁለቱም መንገዶች ጥሩ ናቸው፤ አንድ ላይ ግን አይሄዱም። ለሚማር ሰው የኖዱ መንገድ ይመረጣል፤ ለውጡ የት እንደተደረገ በዓይን ይታያል፣ ሲያጠፉትም ሲያበሩትም ልዩነቱ ይገባል።

በመካከል ያሉት ኖዶች ቅደም ተከተል በልምድ እንዲህ ይረጋል፦ ኤክስፖዠር፣ ዋይት ባላንስ፣ ኮንትራስት፣ ሳቹሬሽን፣ ከዚያ የተመረጠ ቦታ እርማት፣ በመጨረሻ መልክ። ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ኖድ መስጠት ጊዜ የሚያባክን ይመስላል፤ «ፊቱ ትንሽ ቀላ» ሲባል የትኛውን ኖድ እንደምትነኩ ስታውቁ ግን ጥቅሙ ይገባችኋል።

ዳቪንቺ ኢንተርሚዲዬት ውስጥ መሥራት ጥቂት ቁጥሮችን ማወቅ ይጠይቃል። 18 በመቶ ግራጫ የሚያርፈው 0.336 ላይ ነው፤ ዌቭፎርሙ (ብሩህነትን የሚያሳየው ስኮፕ) እስከ 1023 ሲቆጥር ወደ 344 ገደማ ማለት ነው። የኮንትራስቱ ፒቮት (ኮንትራስት ሲጨመር ሳይንቀሳቀስ የሚቀረው ነጥብ) ግን ከፕሮግራሙ ጋር ሲመጣ 0.435 ላይ ነው። እሱን ሳይቀይሩ ኮንትራስት ሲጨምሩ ምስሉ ይጨልማል፣ ተጠቃሚውም የጋማ ዊሉን (መካከለኛ ብርሃንን የሚለውጠውን) ከፍ በማድረግ ያካክሳል፣ ጥላው ይደበዝዛል፣ ዙሩ ይቀጥላል። ፒቮቱን 0.336 ማድረግ ይህን ሁሉ ያስቀራል። ሌላው ቁጥር፦ በዳቪንቺ ኢንተርሚዲዬት አንድ ስቶፕ (የብርሃን በእጥፍ መጨመር) በዌቭፎርሙ ላይ በግምት 75 ነጥብ ነው፣ በጣም ጨለማ ከሆነው ክፍል በስተቀር። ኦፍሴትን (ምስሉን ሁሉ እኩል የሚያነሳውን ዊል) በዚያ ልክ ማንሳት ካሜራው ላይ አንድ ስቶፕ እንደመክፈት ይቆጠራል።

ለዋይት ባላንስ የሚመረጠው ዘዴ ግን ሌላ ነው። ኖዱን በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ ጋማውን «ሊኒየር» አድርጉት፣ ከዚያ ጌይንን (የደማቁን ክፍል ዊል) ብቻ ተጠቀሙ። በሊኒየር ውስጥ ጌይን ብርሃኑን በቀጥታ ስለሚያባዛ 2.00 አንድ ስቶፕ መጨመር፣ 0.50 አንድ ስቶፕ መቀነስ ነው፤ ቀይና ሰማያዊን ለየብቻ መለወጥም ሌንስ ላይ ባለቀለም ፊልተር እንደማድረግ ከጥላ እስከ ደማቅ እኩል ይሠራል። እንዲሠራ በፕሮጀክት ሴቲንግ ያለው የታይምላይን ከለር ስፔስም ዳቪንቺ ዋይድ ጋመት እና ኢንተርሚዲዬት መሆን አለበት። ያ ካልተስተካከለ ኖዱ ከተሳሳተ መነሻ ያሰላል፤ ትንሽ ሲነኩት ምስሉ የሚዘለውም ለዚህ ነው።

ስኮፖቹ ለነጻ ፕሮግራም ከሚጠበቀው በላይ ናቸው። ዓይን በአምስት ደቂቃ ውስጥ የተበላሸ ቀለምን ይለምዳል፤ ስኮፕ አይለምድም። ባላንስ ሲሠራ ፓሬዱን (ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊን ለየብቻ የሚያሳየውን ስኮፕ) ተመልከቱ፦ ነጭ ወይም ግራጫ የሆነ ነገር ባለበት ቦታ ሦስቱ ቻናሎች እኩል ከፍታ ላይ መሆን አለባቸው። ጥላው ውስጥ ሰማያዊው ከፍ ብሎ ከቀረ ሊፍት፣ ደማቁ ላይ ከሆነ ጌይን ነው ጉዳዩ። ቬክተርስኮፑ (የቀለሙን ዓይነትና ጥግግት የሚያሳየው ስኮፕ) ላይ ያለውን የቆዳ መስመር ማብራት ይጠቅማል፤ ጠይምም ሆነ ነጭ፣ በገለልተኛ ብርሃን የተቀረጸ ቆዳ በዚያ አቅጣጫ ዙሪያ ይሰበሰባል። የሚለያየው ብሩህነቱና የቀለሙ ጥግግት ነው። ስለዚህ «ፊት በዌቭፎርም ላይ ከዚህ እስከዚህ መሆን አለበት» የሚል ቁጥር ስትሰሙ ለማን ቆዳ እንደተባለ ጠይቁ። ጥቁር ቆዳን ወደዚያ ቁጥር ለማድረስ ጋማን መግፋት ፊቱን አመድ ያስመስለዋል፤ ጥቁር ቆዳ የሚያምረው በሚያንጸባርቀው ክፍልና በጥላው መካከል ያለው ልዩነት ሲጠበቅ ነው። ደግሞም በሻማ ወይም በኒዮን መብራት የተቀረጸን ፊት በግድ መስመሩ ላይ ማስቀመጥ ትዕይንቱን መግደል ነው።

ኳሊፋየሩ (አንድን ቀለም ለይቶ የሚመርጠው መሣሪያ) ኃይለኛ ነው፣ በደካማ ፋይል ላይ ግን ያሳፍራል። 4:2:0 ቀረጻ ውስጥ የቀለም መረጃው ከብርሃኑ አንድ አራተኛ ብቻ ስለሆነ የምርጫው ጠርዝ በካሬ በካሬ ይቆራረጣል። መጀመሪያ ሃይላይቱን አብርታችሁ ምርጫውን በጥቁርና ነጭ እዩት፤ ከዚያ «ክሊን ብላክ» እና «ክሊን ኋይት» በትንሹ ጨምሩ፣ ብለሩን በመጨረሻ። ብለር ብቻ የጨመረ ሰው ፊቱ ዙሪያ የብርሃን ቀለበት ያተርፋል። ኳሊፋየሩን በፓወር ዊንዶው (በምስሉ ላይ በሚሣል ቅርጽ) ማጠርና ዊንዶውን በትራከር ማስከተል ከሁሉ ይሻላል፤ ከፊት ጋር የሚመሳሰል የእንጨት በርም ከምርጫው ይወጣል። ብዙ ጊዜ ግን ኳሊፋየር ጨርሶ አያስፈልግም፦ «ሂዩ ቨርሰስ ሂዩ» ከርቭ በለስላሳ መሸጋገሪያ ያንኑ ይሠራል፣ «ሉም ቨርሰስ ሳት» ደግሞ ጥላ ውስጥ የተከማቸ ቀለምን ዝቅ በማድረግ ምስሉን ወዲያው ያጸዳዋል። እነዚህ ሁለት ከርቮች ከሚገባቸው በታች ነው የሚወራላቸው።

ከፕሮግራሙ ጋር የሚመጡት የፊልም መልክ ላቶች ብዙ ሰው «አስቀያሚ ናቸው» ብሎ የሚተዋቸው ናቸው። ችግሩ ግብዓታቸው ነው። የኮዳክ 2383 (የሲኒማ ማሳያ ፊልም) ላት የሚጠብቀው ሬክ 709 ከለር ስፔስ ከሲኔዮን ፊልም ሎግ ጋማ ጋር ነው። የመጨረሻውን ትራንስፎርም ኖድ ወደዚያ አውጥታችሁ ላቱን ከእሱ በኋላ አድርጉት፤ ላቱ ራሱ ወደ ማሳያ ስለሚያደርስ ሌላ ትራንስፎርም አይጨመርም። ከበዛባችሁ የኖዱን ኪይ አውትፑት (የውጤቱን ጥንካሬ) መቀነስ ሎጉን ከተጠናቀቀው ምስል ጋር ያደባልቃልና አታድርጉት፤ ከላቱ በፊት ባለው ኖድ ኮንትራስቱን አለስልሱ።

ብዙ ክሊፕ ሲኖር ክሊፖቹን በግሩፕ ማሰባሰብ አስፈላጊ ነው። የካሜራውን ትራንስፎርም «ፕሪ-ክሊፕ» (ከየክሊፑ እርማት በፊት) ላይ፣ የመውጫውን «ፖስት-ክሊፕ» (ከእርማቱ በኋላ) ላይ ማድረግ ሥራውን ያቀላል። መውጫውን ታይምላይን ደረጃ ላይ ማስቀመጥ አጓጊ ነው፤ ነገር ግን ጽሑፍና ሎጎም አብረው ይለወጣሉ፣ ነጩ ርዕስ ነጭ ሆኖ አይቀርም።

ከነጻው ቅጂ በእውነት የሚጎድለው ኖይዝ ማጥፊያው ነው። «ስቱዲዮ» የተባለው የሚከፈልበት ቅጂ ያለው ቴምፖራል ዘዴ ጎረቤት ፍሬሞችን እያነጻጸረ ስለሚሠራ ዝርዝር ሳያጠፋ ያጸዳል፤ ነጻው ላይ ሲሞከር ምስሉ ላይ የውሃ ምልክት ይወጣል። በከፊል የሚተካ ብልሃት አለ፦ አንድ ኖድ ፍጠሩ፣ ከለር ስፔሱን «ላብ» አድርጉት፣ ቻናል 1ን አጥፉ፣ ከዚያ የብለሩን ራዲየስ ከ0.50 ወደ 0.53 አካባቢ አንሱ። ብርሃኑ ሳይነካ የቀለም ነጠብጣቡ ብቻ ይለሰልሳል። ከ0.56 በላይ ከሄዳችሁ ቀይ ልብስ ቀለሙን ወደ ጎረቤቱ ማፍሰስ ይጀምራል። የብርሃኑን ኖይዝ ግን አይነካውም።

ፍጥነትን በተመለከተ ጫናው ግራፊክስ ካርዱ ላይ ነው። 4 ጊጋባይት ሜሞሪ ባለው ካርድ 4ኬ ታይምላይን ላይ ከባድ ኤፌክት ሲደራረብ «የጂፒዩ ሜሞሪ ሞልቷል» የሚለው መልእክት አይቀርም። ታይምላይኑን 1080 አድርጎ ግሬድ አድርጎ ሲወጣ ወደ 4ኬ መመለስ ይቻላል፤ ፓወር ዊንዶዎቹ ከመጠኑ ጋር አብረው ይስተካከላሉ። ከባድ ኖድ ላይ ካሽ (የተሰላውን ውጤት የሚያስቀምጥ) ማብራትም ይረዳል። ካሹ ከእሱ በፊት ያለ ኖድ ሲነካ ስለሚፈርስ ከባዱን ኖድ ወደ መጀመሪያ ማስጠጋት ይሻላል።

አወጣጥ ላይ ሁለት ነገር ብቻ። በማክ ላይ በጋማ 2.4 የተሠራ ቪዲዮ በኩዊክታይም ሲከፈት ደብዝዞ የሚታየው ሥርዓቱ መለያውን በራሱ መንገድ ስለሚተረጉመው ነው፤ ለድረ ገጽ ብቻ የሚሠራ ሰው ቪወሩ (ምስሉ የሚታይበት መስኮት) የማክን የማሳያ ፕሮፋይል እንዲጠቀም አድርጎ የጋማ መለያውን «ሬክ 709-ኤ» ቢያደርግ የሚያየውና የሚያወጣው ይቀራረባሉ። ግሬዱን እንደገና ማጨለም ግን ስህተት ነው፤ ሌላ ስክሪን ላይ ጥላው ይዋጣል። ሁለተኛው ዳታ ሌቨል (የጥቁሩና የነጩ የቁጥር ክልል) ነው። «አውቶ» ላይ ተዉት፤ «ፉል» አድርጎ ማውጣት አብዛኛው ማጫወቻ ላይ ጥቁሩን ይውጠዋል፣ ነጩን ያቃጥላል።

ፕሮጀክቶቹ እንደ ተራ ፋይል ሳይሆን በፕሮግራሙ ላይብረሪ ውስጥ እንደሚቀመጡ አትርሱ። ኮምፒውተር ከማጽዳታችሁ በፊት እያንዳንዱን ፕሮጀክት ኤክስፖርት አድርጉ። አዲስ ቅጂ ላይ የተከፈተ ፕሮጀክት ወደ አሮጌው አይመለስም፣ ስለዚህ ሥራ መሃል ላይ ማሻሻያ አትጫኑ።

ስቱዲዮው መቼ ይገዛ? በምሽት የሚቀርጽ፣ ካሜራው 10 ቢት 4:2:2 በኤች 265 የሚሰጥና ዊንዶውስ የሚጠቀም፣ ከ3840 በ2160 ወይም በሰከንድ ከ60 ፍሬም በላይ ማውጣት ያለበት፣ ወይም ሰውን ከጀርባው በማጂክ ማስክ በየቀኑ የሚለይ ሰው ይግዛው። ክፍያው የአንድ ጊዜ ነው፣ የማንቂያ ቁልፉም ሁለት ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። በነጻው የተጀመረ ፕሮጀክት ኖዶቹ እንዳሉ ስቱዲዮው ላይ ይከፈታል።