ከንጣፉ ሥር ያለውን በዓይናችሁ ሳታዩ ገንዘብ አትልቀቁ፦ በሳን ዲዬጎ ግቢ ለማስነጠፍ ላሰባችሁ ወገኖች

በሳን ዲዬጎና በአካባቢዋ የምትኖሩ፣ በተለይም ቤታችሁ ለባሕሩ ቀረብ ያለ ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ንዴቴ ሳይበርድ ነው። ቢበርድ ኖሮ ምናልባት አለሳልሼ እጽፈው ነበር፤ ማለሳለስ ደግሞ የሚጠቅመው ገንዘባችንን የወሰዱትን ሰዎች ብቻ ነው። ለጓሮ ንጣፍና ለአንድ የድጋፍ ግንብ 34,600 ዶላር ከፍለናል፤ ከዚህ ውስጥ የአባቴ የብዙ ዓመት ቁጠባ ይገኝበታል። የመጀመሪያው ደህና ዝናብ እንደጣለ ንጣፉ ሰመጠ፣ ውሃው ወደ ቤቱ ግድግዳ ዞረ፣ ግንቡም ሰነጠቀ። አሁን ሁሉም ተነሥቶ እንደገና መሠራት አለበት።

ሻጩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ስሙን የማልጽፈው አቤቱታችን ገና በሂደት ላይ ስለሆነ ነው እንጂ ዓይነቱ ለማናችንም እንግዳ አይደለም። ከቅዳሴ በኋላ በመኪና ማቆሚያው ላይ ካርድ የሚያድል፣ ከሰርጉም ከልቅሶውም የማይጠፋ፣ ንግግሩን ሁልጊዜ «የእኛ ሰው ሲበዘበዝ ማየት ስለማልችል ነው» ብሎ የሚጀምር ሰው ነው። ኩባንያው የእሱ አይደለም፤ እሱ አሻሻጭ ነው፣ ከእያንዳንዱ ውል ኮሚሽን ያገኛል። ቤት መጥቶ ቡና ይጠጣል፣ አባትህ አባቴ ናቸው ይላል፣ ዛሬ ከተፈረመ ቅናሽ አለ ይላል፣ ከዚያም ታብሌቱን ያወጣል። የተለመደው ስለሆነ አልዘረዝረውም። የኩባንያውን ላይሰንስ ከመፈረማችን በፊት አጣርቼ ነበር፤ ቁጥሩ ትክክለኛ ነው፣ ጊዜውም አላለፈበትም። ይህን የምጠቅሰው ላይሰንስ መኖሩ ብቻውን ከእንዲህ ያለ ነገር እንደማያድን እንድታውቁ ነው።

የሸጠልን ነገር በወረቀት ላይ ሲታይ እንከን አልነበረውም፤ የሚያበሳጨኝም ሥራው እንዴት መሠራት እንዳለበት በደንብ ማወቁ ነው። የባሕር ዳር ግንባታ የራሱ ጠባይ አለው። በሜይና በጁን ጠዋት ጠዋት ከውቅያኖሱ የሚነሣው ጉም ጨው ይዞ ይመጣል፤ ጨዉ እርጥበቱን ተከትሎ በብሎኬቱና በሲሚንቶው ውስጥ እየሰረገ ፌሮው ጋ ሲደርስ ብረቱን ያዝገዋል፤ ዝገት ደግሞ ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን ከውስጥ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። በብዙ ሠፈሮቻችን ያለው አፈር ሸክላማ ነው፤ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በላዩ የተነጠፈ ድንጋይ ቀጥ ብሎ የሚቆየው ከሥሩ በሚገባ የተጠቀጠቀ ጠጠር ካለው ነው። ይህን ሁሉ በሳሎናችን ተቀምጦ ያስረዳን እሱ ራሱ ነው። በውሉም ላይ አንድ በአንድ ሰፍሯል፦ በየንብርብሩ እየተጠቀጠቀ የሚሞላ 6 ኢንች ጠጠር፣ በላዩ 1 ኢንች አሸዋ፣ በእያንዳንዱ ጫማ ርዝመት ሩብ ኢንች እየወረደ ውሃን ከቤቱ የሚያርቅ ተዳፋት፣ ከግንቡ ጀርባ በጠጠር የተከበበ የፍሳሽ ቱቦ፣ ዝገት እንዳይበላው በዚንክ የተለበጠ ፌሮ፣ ፌሮ የገባባቸው የብሎኬት ቀዳዳዎችም በሙሉ በኮንክሪት የተሞሉ። ጃንዋሪ 22 ቀን 2024 በከተማዋ ላይ የወረደውንና በሳውዝክረስትና በሼልታውን ስንቱን ቤት ያጥለቀለቀውን ዝናብ ያየ ሰው የውሃ መውረጃን ጉዳይ አቅልሎ አይመለከትም። እኛም ዋጋው ከሌሎቹ ከፍ ማለቱን እያወቅን የተቀበልነው ከመሬት በታች ለሚሠራው ሥራ ብለን ነው።

ቀብዱ 10,000 ዶላር ነበር፣ «ለዕቃ መግዣ» ተብሎ። ሥራው ሲጀመር እኔ የሌሊት ተረኛ ነበርኩ፣ አባቴም ለሕክምና ይመላለሱ ነበር፤ ስለዚህ የጠጠሩ ሥራ ሲጠናቀቅ አሻሻጩ በስልኬ ፎቶ ላከልኝ። በፎቶው ላይ ተደልድሎ የተጠቀጠቀ ግራጫ ጠጠር፣ ከጎኑ መጠቅጠቂያው ማሽን፣ ጠርዙ ላይም ጥልቀቱን የሚያሳይ ሜትር ይታያሉ። ከሥሩ «እህቴ፣ እንደ ቃላችን» ብሎ ጽፎበታል። በዚያ ፎቶ ላይ ተመሥርቼ ሁለተኛውን ክፍያ፣ 15,000 ዶላር፣ ለቀቅሁ። ድንጋዩ ተነጥፎ ሲያልቅ ያምር ነበር፤ ቀሪውንም ከፈልን።

ዝናቡ ከጣለ በኋላ ደጋግሜ ስደውልለት ቆይቶ አንድ ቅዳሜ ከፎርማኑ ጋር መጣ። የሰመጠውን ቦታ በጫማው ነካ ነካ አደረገና አሸዋው «ቦታውን እየያዘ» እንደሆነ ነገረን። እኔ ግን አንዱ ድንጋይ እንዲነሣልኝ ጠየቅሁ። ፎርማኑ ዞሮ አየው፤ እሱም ትከሻውን ሰበቀ። ፎርማኑ በሁለት ጠፍጣፋ መፍቻ ከግራና ከቀኝ ፈልቅቆ አነሣው። ከሥሩ የጣት ውፍረት የማይሞላ እርጥብ አሸዋ ነበር። ከአሸዋው ሥር ያገኘነው የድሮውን የጓሯችንን አፈር ነው፤ በአፈሩም ላይ ቀድሞ የነበረው ሣር ሥሩ እንዳለ ገርጥቶና ተጋድሞ ይታያል። ሣሩን እንኳ አልነቀሉትም። ጣቴን ሰድጄ ሞከርሁት፤ ያለ ምንም ችግር ጭቃው ውስጥ ገባ፣ አንዲት ጠጠር አልነካሁም።

ስልኬን አውጥቼ የላከልኝን ፎቶ ከፈትሁና ይህ ጠጠር የት እንደደረሰ ጠየቅሁት። መልስ ሳይሰጠኝ አባቴ መነጽራቸውን አስተካክለው ስልኩን ከእጄ ተቀበሉ፣ በጣታቸው ፎቶውን አሳደጉና ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያም ወደ እሱ ቀና ብለው፣ «ልጄ፣ ይህ የእንጨት አጥር የማን ነው?» አሉት። በፎቶው ጥግ ላይ ቀይ ቀለም የተቀባ የእንጨት አጥር ታችኛው ጫፍ ይታያል። የእኛ ግቢ በሦስቱም ወገን የታጠረው በብሎኬት ነው፤ እንጨት የለበትም። የሌላ ሰው ጓሮ ፎቶ ልኮልን ነው 15,000 ዶላር የወሰደው።

በዚያች ቅጽበት ፊቱን አየሁት። ይደነግጣል፣ ቢያንስ በአባቴ ፊት ያፍራል ብዬ ጠብቄ ነበር። ድምፁ እንኳ ሳይለወጥ፣ «አባባ፣ ፎቶው እኮ ለማሳያ ነው፤ ኩባንያው ለሁሉም ደንበኛ የሚልከው ነው» አለ። ድንጋዩን በጫማው ጫፍ ገፍቶ ወደ ቦታው መለሰና ረገጠው። ውሉን አውጥቼ 6 ኢንች የሚለውን መሥመር ሳሳየው ዓይኑን ወደ ወረቀቱ አላደረገም። «እህቴ፣ የምትኖሪው ባሕር ዳር ነው፤ እዚህ መሬቱ ይንቀሳቀሳል፣ ጨው ያወጣል፣ ይህን ዋስትናው አይሸፍነውም» አለኝ፤ ያው ባሕር ሥራውን ሲሸጥልን ዋና ምክንያቱ እንደነበረ ረስቶት አይደለም። ቀጥሎም እኔ በቦታው የሌለሁ ይመስል ወደ አባቴ ዞሮ፣ «አባባ፣ እስኪ እርስዎ ያረጋጓት፤ ግንባታ እንዲህ ነው» አለ። በመጨረሻ ታብሌቱን አውጥቶ፣ የሰመጠውን ቦታ ለማስተካከልና ላዩን ማሸጊያ ለመቀባት 2,800 ዶላር፣ «ለእናንተ ስለሆነ» ብሎ ዋጋ አቀረበልን። አባቴ ምንም ሳይመልሱ ወደ ቤት ገቡ። ከገንዘቡ በላይ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ ነው፤ አባባ እያለ ቡናቸውን የጠጣ ሰው በገዛ ጓሯቸው ላይ ቆሞ ያን ያህል ሲንቃቸው ማየቴ።

ፎርማኑንና ሠራተኞቹን አልወቅስም። የታዘዙትን ሠርተዋል፤ ድንጋዩ በተነሣ ጊዜም ፎርማኑ ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም። ቢሮው ግን ከአሻሻጩ የባሰ ነው። ስልኩን ያነሣችው ሠራተኛ የቤቱን አድራሻ ስነግራት መስመሩን ሳትዘጋ ለሌላ ሰው «ያቺ የጓሮዋ ሴትዮ ናት» ስትል ሰማኋት፤ ሳቅም ሰማሁ። ተመልሳ መጥታ ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ እንደሆነ፣ ቅሬታ ካለኝ በኢሜይል እንድልክ ነገረችኝ። ለላክሁት ኢሜይል የመጣው መልስ የ2,800 ዶላሩ የዋጋ ማቅረቢያ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ልምድ ያለው ግንበኛ አምጥቼ አስመርምሬዋለሁ። ውሃ ልኩን በንጣፉ ላይ ሲያጋድመው ተዳፋቱ ወደ ቤቱ ያዘነበለ ሆኖ ተገኘ። የድጋፍ ግንቡን በመዶሻ እየቆረቆረ ሄደ፤ ሙሉ መሆን የነበረባቸው ቀዳዳዎች አብዛኞቹ ባዶ ድምፅ ሰጡ፣ በስንጥቁ ላይም የዝገት ቀለም ወርዷል፣ ማለትም ፌሮው የተባለው ዓይነት አይደለም። ከጀርባው ቱቦ ይኑር አይኑር ለማየት ሲቆፍር ያገኘው እርጥብ አፈርና የተቀበሩ የሲሚንቶ ከረጢቶች ነው። በብሎኬቱ ላይ የታየው ነጭ ጨው ራሱ ውሃ ከጀርባ እየገባ መሆኑን የሚናገር ምልክት ነው፤ አሻሻጩ የባሕሩ ጠባይ እያለ ያለፈው እሱን ነበር።

ከሁሉ የከፋው ግን የቤቱ ግድግዳ ነው። ልስን ያላቸው ቤቶች በግድግዳው ግርጌ ዙሪያውን የሚሄድ የብረት ጠርዝ አላቸው፤ ከልስኑ ጀርባ የገባ ውሃ በዚያ በኩል ይንጠባጠባል። ንጣፍ ሲሠራ ከዚያ ጠርዝ ቢያንስ 2 ኢንች ዝቅ ማለት አለበት፤ የግንባታ ደንቡ የሚያዘው ይህን ነው። አፈሩን ሳይቆፍሩ በላዩ ስለነጠፉ ድንጋዩ ጠርዙን አልፎ ወጥቷል፣ መውጫውንም ደፍኖታል። በዚያ ዝናብ ወቅት ውሃው በልስኑ ውስጥ ወደ እንጨቱ ሲሰርግ ነበር። ጎንበስ ብላችሁ የቤታችሁን ግርጌ ተመልከቱ፤ ያ ጠርዝ የማይታያችሁ ከሆነ ሳትዘገዩ ሰው ጥሩ።

አሁን ለካሊፎርኒያ የኮንትራክተሮች ፈቃድ ቦርድ አቤቱታ አስገብተናል፤ ለማስገባት ክፍያ የለውም። ኮንትራክተሩ ለላይሰንሱ ያስያዘው የ25,000 ዶላር ዋስትናም አለ፤ ነገር ግን እንደ እኛ የተበደለ ሁሉ የሚጠይቀው ከዚያው ገንዘብ ነው። ያለ ጠበቃ መክሰስ ለሚፈልግም የጥቃቅን ክሶች ፍርድ ቤት እስከ 12,500 ዶላር ድረስ ያያል፤ የእኛ ኪሳራ ግን ከዚያ በላይ ነው።

ማድረግ ያለባችሁ አጭር ነው። በካሊፎርኒያ ሕግ ለቤት እድሳት ውል የሚጠየቅ ቀብድ ከ1,000 ዶላር ወይም ከጠቅላላ ዋጋው 10 ከመቶ፣ ከሁለቱ ካነሰው፣ መብለጥ አይችልም፤ ልዩ ዋስትና ያስመዘገቡ ጥቂት ኩባንያዎች ብቻ ናቸው ከዚህ ነፃ የሆኑት። የሚከተለው ክፍያም ከተሠራው ሥራ ዋጋ መብለጥ የለበትም። በፎቶ አትክፈሉ፤ ጠጠሩ በአሸዋ ከመሸፈኑ በፊት፣ ግንቡም በአፈር ከመሞላቱ በፊት፣ እናንተ ወይም የምታምኑት ሰው ሜትር ይዞ ቦታው ላይ ይቁም። ውሉን ያስፈረማችሁ አሻሻጭም ቤት ለቤት ለመሸጥ በቦርዱ መመዝገቡን አጣሩ፤ የእኛው አልተመዘገበም።

ይህ ሰው አሁንም በየሳምንቱ ካርድ እያደለ ነው። በቅርብ ቀን ቤታችሁ መጥቶ ያስፈረማችሁ ካላችሁ፣ ከተፈረመበት ቀን ጀምሮ ባሉት 3 የሥራ ቀናት ውስጥ ያለ ምንም ምክንያት ውሉን መሰረዝ ትችላላችሁ፤ ፈራሚው 65 ዓመት የሞላቸው ከሆኑ ደግሞ 5 የሥራ ቀን አላቸው። ስልክ ደውላችሁ አትመኑ፤ መሰረዛችሁን በጽሑፍ አድርጉት፣ የላካችሁበትንም ማስረጃ ያዙ፣ ዛሬውኑ።