ለሰፈሬ ቤተ መጻሕፍት እናት እና ለፕሮፌሰር ቫርታን ግሪጎርያን

ትናንት ማታ የኮሌጅ ቅበላ ደብዳቤዬ ደረሰኝ። አንብቤ ስጨርስ መጀመሪያ ፊቴ ላይ ድቅን ያሉት የሰፈሬ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናቸው። ስማቸውን ሳላስፈቅድ አልጽፍም። ብሮንክስ ውስጥ ነው የሚሠሩት፤ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጥላሉ። ምስጋናዬ ለእሳቸው ነው፤ ለአንድ በአካል አግኝቻቸው ለማላውቅ ሰውም ጭምር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኒውዮርክ በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ለአንድ ኮሌጅ አመለከትኩ። አልተቀበሉኝም። ሌሊት ፓርኪንግ እየጠበቅሁ፣ ቀን እንቅልፌን ትቼ የተዘጋጀሁበት ነበርና ቅስሜ ተሰበረ። በማግስቱ ቤተ መጻሕፍት የሄድኩት የተዋስኳቸውን የእንግሊዝኛ መጻሕፍት መልሼ ላበቃ ነበር። ሴትዮዋ ተቀበሉኝና አንድ በአንድ መዘገቧቸው። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«ሌላ አትወስድም?»

«በቃኝ፤ ትምህርቱን ትቼዋለሁ» አልኳቸው።

አልመከሩኝም፣ አልተቆጡኝምም። ወንበር ሳቡልኝ። ስክሪኑን ወደ እኔ አዙረው በሁለት ጣት እየጻፉ አንድ መጽሐፍ ፈለጉ። ከሌላ ቅርንጫፍ እንዲመጣ አዘዙና «ሐሙስ ና፤ ይደርሳል» አሉኝ። ሐሙስ የመጣው ቫርታን ግሪጎርያን ስለ ራሳቸው የጻፉት የሕይወት ታሪክ ነበር።

ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1934 ኢራን ውስጥ፣ ታብሪዝ ከተማ፣ ከአርመን ቤተሰብ ተወለዱ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) እናታቸው የሞቱባቸው ገና በ6 ዓመታቸው ነው። ያሳደጓቸው አያታቸው ናቸው። አያትየው ማንበብና መጻፍ አይችሉም ነበር፤ ተረትና ምሳሌ ግን ሞልቷቸዋል። እዚህ ጋ ስደርስ መጽሐፉን ከድኜ ትንሽ ቆየሁ። እኔንም ያሳደጉኝ አያቴ ናቸው። በእኛ አገር «አያት ያሳደገው» ሲባል ቅምጥል ማለት ነው። የእሳቸው አያት ያሳደጉት ግን በአሥራዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ብቻውን ቤይሩት ወጥቶ የሚማር ልጅ ነው።

አርመን ሲባል ደግሞ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸውን የአርባ ልጆችን የሙዚቃ ጓድ ያልሰማ የለም። ለዚህ ይሆናል ታሪኩ እንደ ዘመድ ታሪክ የተሰማኝ።

ከቤይሩት በ1956 አሜሪካ ገቡ፤ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ። በ1958 የመጀመሪያ ዲግሪ፣ በ1964 ዶክትሬት። የጥናታቸው ርዕስ አፍጋኒስታን ነበረች። ከዚያ በየዩኒቨርሲቲው ታሪክ አስተማሩ። ፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ገብተው በ1974 የሥነ ጥበባትና ሳይንስ ፋኩልቲው የመጀመሪያ ዲን ሆኑ፤ በ1978 ደግሞ ፕሮቮስት፣ ማለትም የትምህርቱ ሥራ ዋና ኃላፊ።

እኔን የያዘኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። የዩኒቨርሲቲው የፕሬዝዳንትነት ቦታ ክፍት ሲሆን ብዙ ሰው እሳቸው ይሆናሉ ብሎ ጠበቀ። በዚያው ሰሞን የካሊፎርኒያው በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ እንዲመሩት ቢጠይቃቸው እንኳ እሺ አላሉም። የተመረጠው ግን ሌላ ሰው ነው። ሥራቸውን ለቀቁ። ያን ምዕራፍ ፓርኪንጉ ዳስ ውስጥ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ በእጅ ባትሪ ነው ያነበብኩት። የእኔ የእምቢታ ደብዳቤ ኪሴ ውስጥ ነበር። አውጥቼ በመጽሐፉ መሐል እንደ ምልክት አስቀመጥኩት።

በ1981 የኒውዮርክ ፐብሊክ ላይብረሪ ፕሬዝዳንት ሆኑ። ያኔ ላይብረሪው በቁሙ የሞተ ያህል ነበር። በ1970ዎቹ ከተማዋ ለኪሳራ ስትቃረብ በጀቱ ተቆርጦ፣ የመክፈቻ ሰዓቱ ተቀንሶ፣ ሕንፃው ጠቁሮ ነበር። ከጀርባው ያለው ብራያንት ፓርክ የዕፅ ሻጮች መዋያ ሆኗል። እሳቸው ባለሀብቱንም ባለሥልጣኑንም እየዞሩ ለመኑ። በስምንት ዓመት 327 ሚሊዮን ዶላር አሰባሰቡ። አዳራሾቹ ታደሱ፤ ሰዓቱም ተመለሰ። ብዙ ሰው የሚያነሳው ገንዘቡን ነው። እኔ የምለው ግን ሌላ ነው። የተማሩበትን አገር ቋንቋ በትምህርት ያገኙ ስደተኛ፣ የከተማዋን ትልቁን የድሃ ትምህርት ቤት አተረፉ። እኔ የተማርኩት እዚያ ነው።

በ1989 ሮድ አይላንድ የሚገኘው ብራውን ዩኒቨርሲቲ 16ኛ ፕሬዝዳንት አደረጋቸው። ከ1764 ጀምሮ ያለ አንጋፋ ዩኒቨርሲቲ ነው። እስከ 1997 መሩት። ከዚያም ካርኔጊ ኮርፖሬሽን የተባለውን የበጎ አድራጎት ድርጅት ይመሩ ነበር፤ በ87 ዓመታቸው ሚያዝያ 2021 እስኪያርፉ ድረስ። በ2004 የአሜሪካ ትልቁን የሲቪል ሜዳሊያ ተሸልመዋል።

አሁን ወደ ጥቆማዬ ልምጣ። ኒውዮርክ ያላችሁ ወገኖቼ፣ እባካችሁ ይህን አገልግሎት ተጠቀሙበት። ካርዱ ነጻ ነው። በኒውዮርክ ግዛት የሚኖር፣ የሚሠራ ወይም የሚማር ሁሉ ማውጣት ይችላል። የኒውዮርክ ፐብሊክ ላይብረሪ ቅርንጫፎች ማንሃተን፣ ብሮንክስና ስታተን አይላንድ ናቸው፤ ብሩክሊንና ኩዊንስ የየራሳቸው አላቸው። ለአዋቂዎች የእንግሊዝኛ ትምህርት በነጻ ይሰጣል። ክፍሉ ቶሎ ስለሚሞላ ምዝገባው እንደተከፈተ ሂዱ። ሲቪ የሚያስተካክል ሰው ካስፈለጋችሁ፣ አምስተኛ ጎዳና ላይ ከዋናው ሕንፃ ማዶ ባለው ቤተ መጻሕፍት የሥራ ፈላጊዎች እገዛ አለ። መጽሐፍ ሳትመልሱ ከቆያችሁ ደግሞ አትፍሩ፤ የመዘግየት ቅጣት ከ2021 ጀምሮ ቀርቷል። ጨርሶ ከጠፋ ግን ዋጋውን ትከፍላላችሁ።

ከሁሉ በላይ ግን ሠራተኞቹን ጠይቁ። እኔ መጀመሪያ እንግሊዝኛዬን አፍሬ ለሦስት ወር ያህል ዝም ብዬ ገብቼ እወጣ ነበር። ያ ሁሉ ጊዜ ዛሬም ይቆጨኛል። የእኔዋ እናት የምፈልገውን ቃል እስካገኝ ይጠብቁኛል። ከኋላዬ ሰልፍ ቢኖር እንኳ ዓረፍተ ነገሬን አይጨርሱልኝም።

ዋናውን ሕንፃ ለማየት የምትሄዱ ደጃፉ ላይ ሁለት የእብነ በረድ አንበሶች ታገኛላችሁ። የአንዱ ስም ትዕግሥት ነው፤ የሌላው ጽናት። ላይ ወጥታችሁ የንባብ አዳራሹን ሳታዩ አትመለሱ። ጣሪያውን እያየሁ የቆምኩበት ቀን አይረሳኝም።

ሐሙስ ከሥራ መልስ ደብዳቤዬን ይዤ ብሮንክስ እሄዳለሁ። ስክሪናቸውን ወደ እኔ ሳያዞሩት፣ እኔ ወረቀቱን ወደ እሳቸው አዞራለሁ። እግዜር ይስጥልኝ፣ እናቴ።