«መስኮቱ ይከፈታል?»፦ ከዙሪክ እስከ ድሬዳዋ፣ ባቡር ፍለጋ

በአዲሱ ባቡር ድሬዳዋ ልሄድ ነው ስላት እማዬ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «መስኮቱ ይከፈታል?»

ሌላ ሰው ቢሆን ዋጋውን ይጠይቃል። ወይ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ፣ ወይ መንገዱ ሰላም መሆኑን። እሷ መስኮቱን። ያኔ መልሱን አላውቅም ነበር። አሁን አውቃለሁ፤ አይከፈትም። ቢያንስ እኔ የተሳፈርኩበት ፉርጎ መስኮት አይከፈትም።

ዙሪክ መኖር ከጀመርኩ 19 ዓመት ሆነኝ። የባቡር እብድ ነኝ። እዚያ አገር ይሄ ነውር አይደለም። እሑድ እሑድ ካሜራቸውን አንጠልጥለው ድልድይ ሥር የሚቆሙ የተከበሩ ሽማግሌዎች አሉ። እኔም አብሬያቸው እቆማለሁ፤ ሻይ በፔርሙዝ ይዤ። የምትወጂው መሥመር የትኛው ነው ሲሉኝ ሁለት ስም እጠራለሁ። አንዱ የነሱው ነው፤ በግራውቡንደን ተራሮች ውስጥ የሚጥመለመለው ቀዩ የሬቲሽ ባቡር። ሌላው ቆሟል። የኛው የድሮ የጅቡቲና የአዲስ አበባ ባቡር ነው።

ሁለቱ የተራራቁ ይመስላሉ እንጂ ዘመዳሞች ናቸው። የሁለቱም ሐዲድ ስፋት አንድ ሜትር ነው። 65 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ሁሉም ሰው ፎቶ የሚያነሳው የላንድቫሰር ድልድይ ተሠርቶ ያለቀው በ1902 ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲዳችን ድሬዳዋ የደረሰውም በ1902። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ለምዶብኝ ነው፣ ይቅርታ።) ደግሞ ሥራውን ከምኒልክ የተዋዋለው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የስዊስ ሰው ነው። የፍራውንፌልድ ልጅ ነው፤ የተማረው እኔ የምኖርበት ዙሪክ። በ1894 ለ99 ዓመት ፈቃድ ተሰጠው። ኩባንያው ግን ገንዘብ አለቀበት፤ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያንም በመሥመሩ ላይ ተናቆሩ። ከድሬዳዋ አዲስ አበባ ለመድረስ ሌላ 15 ዓመት ፈጀ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ምኒልክ በ1913 አርፈዋል፣ ኢልግ በ1916 ዙሪክ ሞቷል። ሁለቱም አላዩትም። ይህን ለስዊሶቹ ሽማግሌዎች ስነግራቸው ዝም ይላሉ። ባቡር የሚወድ ሰው ይሄ ይገባዋል።

ወደ ግምገማው ልግባ። ካናደደኝ ነገር ልጀምር።

ከመምጣቴ በፊት ኢንተርኔት ላይ አንድ አስጎብኚ አገኘሁ። ስሙን አልጠራም። «በታሪካዊው ባቡር ከለገሃር እስከ ድሬ» ይላል ማስታወቂያው፤ የሊቶሪና፣ የዚያ የድሮ የሞተር ባቡር፣ ፎቶ ሁሉ ለጥፏል። 80 ፍራንክ ቀብድ ከፈልኩ። እንዴት ተሸወድሽ እንደምትሉኝ አውቃለሁ። የአዲስ አበባና የድሬው የድሮ መሥመር ከቆመ ከአሥር ዓመት በላይ እንደሆነው ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ግን ምናልባት ለቱሪስት ብለው አንድ ፉርጎ አስነስተው ይሆናል ብዬ ጓጓሁ። የጓጓ ሰው ደግሞ አያመዛዝንም። አዲስ አበባ ደርሼ ስደውል «ባቡሩ ለጊዜው ጥገና ላይ ነው» አለኝ። ለጊዜው! ቀብዱ እስካሁን አልተመለሰም።

ለገሃር ግን ሂዱ። ስሙ ራሱ «ላ ጋር» ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ ጣቢያ ማለት ነው። የጣቢያው ሕንፃ የ1929 ሥራ ነው። ፊት ለፊቱ ያለው የይሁዳ አንበሳ በ1930፣ በአፄ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ዋዜማ የተመረቀ ነው። ጣሊያን ሮም ወስዶት ቆይቶ የተመለሰው እሱ ነው። ዘርዓይ ደረስ ሰይፉን የመዘዘውም በዚሁ አንበሳ ምክንያት እንደሆነ በልጅነታችን ተምረናል። ሥሩ ቆሜ ማኪያቶዬን ጠጣሁ። አንድ ሰዓት ሙሉ ሰው አየሁ።

የከተማውንም ባቡር ሞከርኩ። በ2015 ሥራ ሲጀምር እዚህ አልነበርኩም። ሁለት መሥመር አለው፣ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ፤ በአስፋልቱ አናት ላይ ሲያልፍ ከተማዋ ከላይ ትታያለች። ርካሽ ነው፤ ይጨናነቃል። ቦርሳችሁን ከፊት አድርጉ። ከስታዲየም እስከ አያት በአንድ እግሬ ቆሜ ሄድኩ ብል ማጋነን አይሆንም፤ ሌላኛው እግሬ የሆነ ሰው ጫማ ላይ ነበር።

አሁን ዋናው። የድሬዳዋ ባቡር የሚነሳው ፉሪ ለቡ ካለው ጣቢያ ነው። ትልቅ፣ ጣሪያው የራቀ፣ ሲያስነጥሱ የሚያስተጋባ ሕንፃ ነው። ትኬቴን አንድ ቀን አስቀድሜ በአካል ሄጄ ገዛሁ፤ እናንተም እንደዚያው አድርጉ፤ የጉዞ ቀኖቹንም አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ፓስፖርት ያዙ። ትኬት የሸጠችልኝ ልጅ «ወንበር ነው አልጋ?» አለችኝ። ወንበር አልኩ። «በየትኛው በኩል?» ብላ ስትጠይቀኝ ግን ወደድኳት። ወደ ድሬ ስትሄጂ ይሄኛው በኩል ይሻላል፣ ፀሐይ አያገኝሽም አለችኝ። ዙሪክ ውስጥ እንዲህ ያለኝ ሰው የለም።

ባቡሩ ጥሩ ነው። ይህን በግልጽ ልናገር፤ የድሮውን የሚወድ ሁሉ አዲሱን መናቅ ያለበት ይመስለዋል። በ2016 ተመርቆ በ2018 መጀመሪያ መደበኛ ሥራ የጀመረ፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ የቻይና ኩባንያዎች የሠሩት መሥመር ነው። ሐዲዱ ሰፊው ነው፤ 1.435 ሜትር። አይንገጫገጭም። ንጹሕ ነበር። አስተናጋጆቹ ትሑቶች ናቸው። ሞጆን፣ አዳማን አልፎ መተሐራ ላይ የበሰቃ ሐይቅ ጥቁር ድንጋይ ውስጥ ተኝቶ ሲታይ ፉርጎው ሙሉ ሰው ስልኩን አወጣ። ያ ሐይቅ ከዓመት ዓመት እየሰፋ የድሮውን ሐዲድም መንገዱንም ሲያስቸግር የኖረ ነው። ሰባት ሰዓት ገደማ ተጓዝን። በመኪና ያንን መንገድ የሚያውቅ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ግን መስኮቱ አይከፈትም።

እማዬ ድሬዳዋ ነው ያደገችው። አባቷ፣ አያቴ ማለት ነው፣ የምድር ባቡር ጋራዥ ሠራተኛ ነበር። ኩባንያውን እንደ ፈረንሳዮቹ «ሼማን ደ ፌር» ይለው ነበር፤ ሲናደድም በፈረንሳይኛ ነበር የሚሳደበው። የሠራተኛ ቤተሰብ ስለሆኑ ክረምት ክረምት አዲስ አበባ አክስቷ ጋ በባቡር ትላካለች። ስለዚያ ጉዞ የምታወራው ሁሉ በመስኮት ነው። አፍደም ላይ ወተት በመስኮት። አዋሽ ላይ የተቀቀለ እንቁላል፣ ጨውና ሚጥሚጣው በወረቀት ተጠቅልሎ፣ በመስኮት። ኤረር ላይ ብርቱካን። ሻጮቹ ከባቡሩ ጋር ይሮጣሉ። ገንዘቡ በመስኮት ይወርዳል፣ መልሱ አንዳንዴ ይደርሳል፣ አንዳንዴ አይደርስም። እማዬ የሚገዛበትን ሰዓት ታውቃለች። «ባቡሩ ገና ሲቆም እንዳትገዢ። ጠብቂ። ሲነፋ ነው ዋጋ የሚወርደው።»

አንድ ጊዜ፣ 12 ዓመቷ ነው፣ አጠገቧ የተቀመጠች የማታውቃት ሴትዮ «ነይ እስቲ የኔ ልጅ» ብላ ሦስት ቀሚስ ደራርባ አለበሰቻት። የኮንትሮባንድ ነው። ያኔ ግማሹ ተሳፋሪ ነጋዴ ነበር ይባላል። ፊናንሶች፣ የጉምሩክ ፖሊሶቹ፣ ገብተው ፉርጎውን ሲያምሱ እማዬ በዚያ ሙቀት እንደ ድንች ተቀቅላ ቁጭ አለች። አንዱ አይቷት «ይቺ ልጅ ወፍራም ናት» ብሎ አለፈ። ኬላው ሲታለፍ ሴትየዋ ቀሚሶቿን አወለቀችላትና ኪሷን በከረሜላ ሞላችው። ይህን ታሪክ መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ልጅቷ አንዳንዴ አራት ቀሚስ ትለብሳለች።

አዋሽን ግን ከ1985 በፊት ያለውን ብቻ ነው የምታወራው። በዚያ ዓመት ጥር ላይ ባቡሩ አዋሽ ድልድይ አጠገብ ከኩርባው ወጥቶ ገደል ገባ። ከ400 በላይ ሰው ሞተ። ከሰፈራቸው የሄዱ ነበሩበት። የኔ ባቡር አዋሽን ሲያቋርጥ ስልኬን ኪሴ ከተትኩት።

ድሬዳዋ ስንደርስ መሽቶ ነበር። አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ራቅ ይላል፤ ይሄ ሁሉም የሚያነሳው ነገር ነው። የድሮው ባቡር ከተማው መሐል ያወርድህ ነበር። እንዲያውም ከተማውን የወለደው ባቡሩ ነው። ሐዲዱ ሐረር እንዲገባ ነበር የታሰበው። ተራራው አስቸገረ። ከተራራው ሥር ቆሙና ጣቢያ ሠሩ፤ ስሙንም አዲስ ሐረር አሉት። ያ ነው ድሬዳዋ። አሁን ጣቢያው ውጪ ስለሆነ በባጃጅ ነው የሚገባው። ባለ ባጃጁ አነጋገሬን ሰምቶ ሦስት እጥፍ ጠራልኝ። «የድሬ ልጅ ነኝ አቦ!» አልኩት። «የድሬ ልጅማ አቦን እንደዚህ አትልም» አለኝ። ከፈልኩ።

ያረፍኩበት ሆቴል ከዚራ የሚባለው ሰፈር ነው፣ በዛፎቹ ጥላ ውስጥ። ቦታው ግሩም፣ ቬንቲሌተሩ ጌጥ። ሦስት ጊዜ ነገርኳቸው፣ ሦስት ጊዜ «አሁን» አሉኝ። ጠዋት ግን የደቻቱን ወንዝ ተሻግሬ ባጂያና ሙሸበክ ስበላ ሁሉን ይቅር አልኩ።

የጉዞዬ ምርጥ አገልግሎት ምን ነበር ብትሉኝ የድሮው ጣቢያና ጋራዡ ነው። በክፍያ ያስጎበኛሉ። ፊት ለፊቱ ላይ የኩባንያው ስም በፈረንሳይኛ እንደተጻፈ አለ። ያስጎበኙኝ አባት በኩባንያው ዘመን የሠሩ ናቸው፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቀስ ብለው ይሄዳሉ። መጀመሪያ በፈረንሳይኛ ጀመሩልኝ። አማርኛ ስመልስላቸው ቆም ብለው «የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። የአያቴን ስም ነገርኳቸው። አላወቁትም። «የትኛው ክፍል ነበሩ?» አሉ። ጋራዥ አልኳቸው። «እንግዲያማ እዚህ ነው የቆሙት» ብለው አንድ የብረት መቁረጫ ማሽን ፊት ወሰዱኝ።

ማሽኖቹ በሙሉ ቦታቸው ላይ ናቸው። የዘይቱ ሽታ አልለቀቀም። የፈረንሳዩ አልስቶም የሠራቸው የናፍጣ ሎኮሞቲቮች ቆመዋል፤ ቀለማቸው ተላልጧል፣ ሥራቸው ሣር በቅሏል። አንድ የተሳፋሪ ፉርጎ ውስጥ እንድገባ ፈቀዱልኝ። የእንጨት ወንበር ነው። ተቀመጥኩ። መስኮቱ በሁለት እጅ ወደ ታች የሚገፋ ነው። ገፋሁት። አልወርድ አለኝ።

«በክርን ነው» አሉኝ አባት ከውጪ ሆነው። «ላዩን በክርን መታ አድርጊና ሳቢው፣ ልጄ።»

በክርኔ መታሁት። ወረደ። አቧራው ፊቴ ላይ ተራገፈ። እሳቸው ታች ቆመው ሳቁና እጃቸውን ወደ መስኮቱ ዘረጉ፣ የሚሸጥ ነገር እንደያዘ ሰው። «እንቁላል?» አሉኝ።

ለዚህ ኮከብ ስጪ ብባል ስንት እንደምሰጥ አላውቅም። ሽንት ቤት የለውም፣ ካፌ የለውም፣ የታሪክ ማብራሪያ ጽሑፉም ትንሽ ነው። ፎቶ ለማንሳት አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ። ግማሽ ቀን ያዙለት።

ስመለስ ለእማዬ ቀፊራ ገበያ ብርቱካን ገዛሁ። አዲስ አበባ ስደርስ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች። አንዱን አነሳች፣ አሸተተች፣ ገለበጠችው።

«ስንት አሉሽ?»

ነገርኳት።

«ሳይነፋ ነው የገዛሽው» አለችና መላጥ ጀመረች።