የሁዳዴ በገና፦ በአካል ወይስ በሬዲዮ?

ሁዳዴ ሲገባ ባሕር ዳር ላይ በገና የሚወድ ሁሉ ይህን ያስባል።

ድምፅ፦ በገና 10 አውታር አለው። በአውታሩና አውታሩን ደግፎ በሚይዘው እንጨት፣ በብርኩማው፣ መካከል የምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዝራ፣ ያንን የሚነዝር ድምፅ ትሰጠዋለች። በአካል ሲሰሙት ደረት ውስጥ ይገባል። ትንሽ ሬዲዮ ግን ወፍራሙን ድምፅ አይችለውም፤ ንዝረቱ ብቻ ይቀራል። ለእኔ ትልቁ ልዩነት ይህ ነው።

ግጥም፦ እዚህ ሬዲዮ ይበልጣል። ደርዳሪው ዝግ ብሎ ስለሚያዜም ከኋላ የተቀመጠ ሰው ቃሉ ያመልጠዋል፤ ማይክራፎን ግን አፉ ሥር ነው።

ወጪ፦ ሬዲዮ በነፃ፤ በአካል ቢያንስ የባጃጅ።

ከቤት መውጣት ለሚከብዳቸው እናቶች፣ ጣና ላይ ለሚያድር ዓሣ አጥማጅም ሬዲዮ። መደርደር የሚማር ልጅ ግን የመምህሩን ጣቶች ማየት አለበት፤ ይሂድ፣ ፊት ይቀመጥ።